«ሮሰሜድሬ»ን በቧንቧ ኦርጋን እንዴት እንጫወታለን?

በእኛ ዘንድ «ኦርጋን» ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው በኤሌክትሪክ የሚሠራው ኪቦርድ ነው፤ እዚህ የሚነሳው ግን አየር በቧንቧዎች ውስጥ እያለፈ ድምፅ የሚሰጠው፣ በእጅም በእግርም የሚደረደረው የቤተ ክርስቲያን መሣሪያ ነው። እንግሊዛዊው ራልፍ ቮን ዊሊያምስ (የመጀመሪያ ስሙ «ሬፍ» ተብሎ ነው የሚነበበው) እ.ኤ.አ. በ1920 በዌልስ የመዝሙር ዜማዎች ላይ የተመሠረቱ ሦስት ፕሬሉዶችን (አጫጭር የኦርጋን ሥራዎችን) አሳተመ። ሁለተኛው «ሮሰሜድሬ» የገጠር ጸጥታ ያለበት፣ አራት ደቂቃ ያህል የሚፈጅ ሥራ ነው። ዜማውን የደረሱት የ19ኛው ክፍለ ዘመን ዌልሳዊ ቄስ ጆን ዴቪድ ኤድዋርድስ ሲሆኑ፣ ስሙም የተወሰደው ካገለገሉበት መንደር ነው።

ኖታው ሲታይ ቀላል ይመስላል። ችግሩ ዜማው መጀመሪያ ሲመጣ ከላይ ሳይሆን መሃል ላይ፣ በግራ እጅ መሆኑ ነው፤ ቀኝ እጅ ከላይ የሚያስኬደው አጃቢ ሐረግ ደግሞ ራሱ ውብ ስለሆነ ጆሮን በቀላሉ ይሰርቃል።

ስለዚህ በመጀመሪያ መሣሪያውን ሳይነኩ ዜማውን ብቻ ደጋግመው ያንጎራጉሩ፤ ትንፋሽ የሚወስዱባቸውን ቦታዎችም በእርሳስ ኖታው ላይ ምልክት ያድርጉባቸው። በኦርጋን ላይ ቁልፍን አጥብቆ መምታት ድምፁን አያጎላውም፤ ዜማ የሚተነፍሰው ጣትን በትክክለኛው ቅጽበት በማንሳት ብቻ በመሆኑ፣ እነዚያ ምልክቶች ከማንኛውም የጣት ቁጥር ይበልጥ ይጠቅማሉ።

ቀጥሎ ግራ እጅንና ፔዳልን (በእግር የሚደረደሩትን ቁልፎች) ብቻ አብረው ይለማመዱ። ከፒያኖ የመጣ ሰው ግራ እጁን ከታችኛው ድምፅ ጋር ማቆራኘት ስለለመደ፣ እግሩ ወደ ታች ሲወርድ እጁም ሊከተለው ይሻል፤ ይህ ልማድ የሚሰበረው በዝግታ ብቻ ነውና ሜትሮኖሙን በደቂቃ 40 ምት ላይ አድርገው፣ እግርዎን ሳያዩ፣ ሁለት ሁለት ባር (በኖታው ላይ በቁም መስመር የተለየ ክፍል) ይሂዱ። ቀኝ እጅንና ፔዳልን አንድ ላይ ማጥናት ብዙ ጊዜ አይወስድም። ሦስቱን የሚያገናኙት ግራ እጅዎ ያለ ሐሳብ መዘመር ከቻለ በኋላ ነው፤ ከዚያም ፍጥነቱን ቀስ በቀስ ወደ 60 ወይም 66 ያሳድጉ።

ስቶፖችን (የትኞቹ ቧንቧዎች እንደሚሰሙ የሚወስኑትን መቆጣጠሪያዎች) ሲመርጡ ሁለቱን እጆች በተለያዩ ማኑዋሎች (በእጅ የሚደረደሩ የቁልፍ ረድፎች) ላይ ያኑሩ። ለአጃቢው ባለ 8 ጫማ (ጫማ የቧንቧ ርዝመት መለኪያ ነው) ለስላሳ ፍሉት፣ ለዜማው ለዘብ ያለ ኦቦ ወይም ክላሪኔት፣ ለፔዳሉ ደግሞ ባለ 16 ጫማ ቡርዶን (ወፍራምና ለስላሳ ድምፅ ያለው ስቶፕ) ከባለ 8 ጫማ ጋር ይበቃል። ባለ 8 ጫማ ስቶፕ ድምፁን በተጻፈበት ከፍታ ይሰጣል፤ ባለ 4 ጫማው አንድ ኦክታቭ ከፍ ያደርገዋል። በዜማው ላይ ባለ 4 ጫማ ከጨመሩ ዜማው ከአጃቢው በላይ ብቅ ይልና አቀናባሪው መሃል ላይ ያስቀመጠበት ምክንያት ይጠፋል። እኔ እንደማየው፣ በዚህ ሥራ ላይ በብዛት የሚፈጸመው ስህተት ይህ ነው።

ዜማው ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ወደ ላይኛው ድምፅ ይወጣል፤ አጀባውም ይወፍራል። እዚህ ቀላል ዲያፓሰን (የኦርጋኑን መሠረታዊ ድምፅ የሚሰጥ ስቶፕ) መጨመር ወይም የስዌል ሳጥኑን (ቧንቧዎችን የያዘውን፣ ሲከፈት ድምፁ የሚጎላውን ሳጥን) በጥቂቱ መክፈት ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ሥራው የሰርግ ሰልፍ አይደለምና ትሩምፔት አያስፈልገውም።

ተጫዋቹ ከቧንቧዎቹ አጠገብ ስለሚቀመጥ ሚዛኑን በትክክል አይሰማም። ስልክዎን በአዳራሹ መሃል ወንበር ላይ አድርገው ይቅረጹ፤ የግራ እጁ ዜማ ያለ ጥረት የማይሰማ ከሆነ ዜማውን ከማጉላት በፊት አጃቢውን ይቀንሱ።

መጨረሻ ላይ የመግቢያው ሐረግ ተመልሶ ሥራው በለሆሳስ ይዘጋል። በጣም ማዘግየት ዜማውን ያደክመዋል፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ባሮች ላይ ብቻ ትንሽ ለቀቅ ያድርጉ፣ ከዚያም ሁለቱን እጆችና እግርዎን በአንድ ጊዜ አንስተው፣ የአዳራሹ ማስተጋባት እስኪያልቅ ድረስ ስቶፖቹን ሳይነኩ ይቆዩ።