ጋዝ ከማስሞላትዎ በፊት

ደብረ ብርሃን ላይ የመኪና ኤሲ እጠግናለሁ ስል ሰው ይስቃል። ጋቢ ደርቦ በሚነዳበት ከተማ ማን ማቀዝቀዣ ይፈልጋል? ጣርማበርን አልፎ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ሲወረድ ግን ጋቢው ይወልቃል፤ ሸዋሮቢት ሲደረስ መስኮት መክፈትም አይበቃም። ሾፌሩ ኤሲውን የሚያስታውሰው ያኔ ነው። ጋዙን ጨምቆ የሚገፋው ፓምፕ፣ ማለትም ኮምፕረሰሩ፣ ሳይዞር ሲከርም ዘይቱ ከጋዙ ጋር አይዘዋወርም፤ የዘንጉ ማተሚያ ጎማ ይደርቅና ጋዙ ቀስ እያለ ያመልጣል።

ስለዚህ “ጋዝ ሙላልኝ” ለሚለኝ ሁሉ “የፊተኛው የት ሄደ?” እለዋለሁ። ይህ ጋዝ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም።

ምርመራውን በማለዳ አይጀምሩ። ብርዱ ሲበረታ ብዙ መኪኖች ኮምፕረሰሩን አያስነሱም፤ ጤነኛውን ዕቃ በሽተኛ ነው ብለው ይፈታሉ። ረፋድ ላይ ሞተሩን አስነስተው ኤሲውን ይክፈቱና የኮምፕረሰሩን ፊት ይመልከቱ። በቺንጋው የሚነዳው ፑሊ ምንጊዜም ይዞራል፤ ከፊቱ ያለው የክላች ሰሃን “ቀጭ” ብሎ አብሮት መዞር አለበት። ካልያዘ ፊውዙንና ሪሌውን (በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ማብሪያ) ይዩ፤ ከዚያ ወደ ክላቹ የሚሄደውን ሽቦ በቴስተር ይሞክሩ። ኤሌክትሪክ ደርሶት ካልያዘ ጥፋቱ የክላቹ ነው። ካልደረሰው ግን የግፊት መቆጣጠሪያው ጋዝ ማነሱን አውቆ ቆርጦት ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ሽቦ አገናኝቶ በግድ የሚያስነሳ ሰው ኮምፕረሰሩን ያለ ዘይት እየፈጨው ነው።

ክላቹ ይዞ የማይቀዘቅዝ ከሆነ የኮንደንሰሩን (ራዲያተር የሚመስለው፣ የጋዙን ሙቀት የሚያስወጣው ዕቃ) ማራገቢያና በላዩ የተጋገረውን አቧራ ይመልከቱ።

አንድ ሚኒባስ ሌላ ቦታ ሦስት ጊዜ ጋዝ ተሞልቶለት እኔ ዘንድ መጣ። በኮንደንሰሩ ታችኛ ጥግ የብር ሳንቲም የምታክል ጥቁር ነጥብ አየሁ፤ ዘይት የጠጣ አቧራ ነበር። ጠርጌ የሳሙና አረፋ ስቀባበት፣ በቀረችው ጋዝ እንደ ሽሮ ተንተከተከ። ጠጠር ነው የመታው።

ጥገናው ትዕግሥት ይፈልጋል። የተረፈውን ጋዝ ወደ አየር ሳይለቁ በመሣሪያ ይሰብስቡ፤ ቆዳና ዓይንን በብርድ ስለሚያቃጥል ጓንትና መነጽር ያድርጉ። የተጎዳውን ዕቃ፣ የተፈቱትን የመገጣጠሚያ ጎማዎችና ከጋዙ እርጥበት የሚመጠውን ማድረቂያ ይቀይሩ፤ ጎማዎቹን በኮምፕረሰር ዘይት ያርሱ። ከዚያ በቫኩም ፓምፕ አየሩንና እርጥበቱን ይሳቡ።

እዚህ ላይ የእኛ ከተማ ጉድ አለ። መመሪያዎች የግፊት መለኪያው መርፌ ከዜሮ በታች ወደ 30 ኢንች ሜርኩሪ እንደሚወርድ ይናገራሉ፤ እኛ ግን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ላይ ስላለን አየሩ ስስ ነው፤ መርፌው 21 አካባቢ ይቆማል። ይህን ሳላውቅ ደህናውን ፓምፕ ሁለት ጊዜ ፈትቼዋለሁ። ስለዚህ እኔ 45 ደቂቃ በፓምፑ ስቤ፣ ቫልቮቹን ዘግቼ 20 ደቂቃ እጠብቃለሁ። መርፌው ከተመለሰ አሁንም የሚያፈስ ቦታ አለ። ካልተመለሰ፣ ኮፈኑ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ የተጻፈውን መጠን በሚዛን ለክቼ እሞላለሁ። የተትረፈረፈ ጋዝም አያቀዘቅዝም።

የሚኒባሱን ሾፌር በየሳምንቱ አሥር ደቂቃ እንዲከፍተው ነገርኩት። “በዚህ ብርድ?” አለኝ። ከመኪናው ማሞቂያ ጋር አብሮ እንዲከፍተው አስረዳሁት፤ ኤሲ አየሩን ስለሚያደርቅ ጣርማበር ላይ መስታወቱን ከውስጥ የሚያለብሰውን ላብ ያነሳለታል። አሁን በጨርቅ መጥረጉን ትቷል።