የጣልያንኛ ግሶችን በአማርኛ ጆሮ እንዴት መያዝ ይቻላል?

ጣልያንኛ የሚማር ሰው ቶሎ የሚሰለቸው የግስ እርባታ ሰንጠረዥ ሲሸመድድ ነው። ሰንጠረዡ አይቀርም፣ ግን የትኛው ጊዜ መቼ እንደሚገባ ካላወቃችሁ ብቻውን የትም አያደርስም። ደግነቱ እዚህ ላይ አማርኛችን በጣም ያግዛል።

መጀመሪያ የአሁኑን ጊዜ ያዙ። ግሶቹ በሦስት ይመደባሉ፤ በአሬ፣ በኤሬ እና በኢሬ የሚያልቁ። «ዶማኒ ፓርቶ» ማለት «ነገ እሄዳለሁ» ነው፤ ግሱ የአሁን ጊዜ ነው። ስለዚህ ለወደፊቱ ጊዜ አትቸኩሉ።

ቀጥሎ ዋናው ጉዳይ ይመጣል፣ ሁለቱ ያለፉ ጊዜያት። ፓሳቶ ፕሮሲሞ ላለቀ ነገር ነው፦ «ኦ ማንጃቶ»፣ በላሁ። ኢምፐርፌቶ ደግሞ «ማንጃቮ»፣ እበላ ነበር ወይም እየበላሁ ነበር። «ሜንትሬ ማንጃቮ አ ስኩዊላቶ ኢል ቴሌፎኖ» የሚለውን እዩት፤ እየበላሁ ሳለ ስልኩ ጮኸ። መብላቱ ገና አላለቀም፣ ስልኩ ነው መሃል የገባው። ግራ ሲገባችሁ ሐሳቡን በአማርኛ በሉት፤ «እሄድ ነበር»፣ «እየሄድኩ ነበር» ካላችሁ ኢምፐርፌቶ ነው። «በልቼ ነበር» ግን ሌላ ነው፣ እሱ «አቬቮ ማንጃቶ» ይባላል። አንዳንዱ ግስ ደግሞ ትርጉሙን ይለውጣል፦ «ሳፔቮ» አውቅ ነበር ሲሆን «ኦ ሳፑቶ» ሰማሁ፣ ወሬው ደረሰኝ ማለት ነው።

ከዚያ የፓሳቶ ፕሮሲሞን ረዳት ግስ ለዩ፤ በ«ኦ ማንጃቶ» ውስጥ «ኦ» እንደሚለው ማለት ነው። አብዛኛው ግስ ከ«አቬሬ» (አለኝ፣ አለህ ከሚለው ግስ) ጋር ይሄዳል። እንደ «አንዳሬ» (መሄድ)፣ «ቬኒሬ» (መምጣት) እና «ናሼሬ» (መወለድ) ያሉት ግን «ኤሰሬ»ን (መሆን) ይፈልጋሉ፣ መጨረሻቸውም በጾታ ይለወጣል፦ ወንድ «ሶኖ አንዳቶ»፣ ሴት «ሶኖ አንዳታ»። የእንቅስቃሴ ግስ ሁሉ በ«ኤሰሬ» ነው የሚሏችሁን አትመኑ፤ በእግሬ ሄድኩ ለማለት «ኦ ካሚናቶ» ነው።

ፓሳቶ ሬሞቶ የሚባለውን ሌላ ያለፈ ጊዜ ለጊዜው ስታነቡ ማወቅ ይበቃችኋል። ልብ ወለድና የታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ሞልቷል፤ በንግግር ደግሞ በደቡብ ጣልያንና በቶስካና ትሰሙታላችሁ።

በመጨረሻ ፈሊጣዊዎቹ ግሶች። እነዚህን ቃል በቃል አትፍቷቸው፣ እንዳሉ ዋጧቸው። «ሜ ኔ ቫዶ» ልሄድ ነው፣ «ኖን ቼ ላ ፋቾ ፒዩ» ደግሞ ከዚህ በላይ አልችልም፣ በቃኝ። «ሚ ፒያቼ» ብዙ ተማሪ ያስቸግራል፣ እኛን ግን ሊያስቸግረን አይገባም፤ ልክ እንደ «ይጥመኛል» ግሱ የሚከተለው የሚጥመውን ነገር ነው። «ሚ ፒያቼ ኢል ካፌ»፣ ብዙ ሲሆን «ሚ ፒያቾኖ»።

ስለ ሰዓት ስትናገሩ ደግሞ ሁለት ግሶች አሉ። «ቺ ሜቶ ኡኖራ» እኔ አንድ ሰዓት ይፈጅብኛል ነው። «ቺ ቩዎሌ ኡኖራ» ግን መንገዱ ለማንም ቢሆን አንድ ሰዓት ይወስዳል፤ ሁለት ሰዓት ከሆነ «ቺ ቮሊዮኖ ዱዌ ኦሬ»። ከቤት እስከ ሥራ ያለውን መንገድ በሁለቱም ግሶች ጮክ ብላችሁ ተናገሩት።