አልጋ ስትይዙ መታወቂያችሁን መሳቢያ ውስጥ አትተዉ

አልጋ ስትይዙ መታወቂያ መጠየቃችሁ አይቀርም፣ በዚህ አትጨቃጨቁ። ሆቴሉም ፔንሲዮኑም ያደረውን ሰው ይመዘግባል፣ ፖሊስ መጥቶ መዝገቡን ሊያይ ይችላል፣ ያልተመዘገበ እንግዳ ቢገኝ ደግሞ ጣጣው የሪሴፕሽኑ ልጅ ነው። ስለዚህ አሳዩ። ማሳየትና ጥሎ መግባት ግን ለየቅል ናቸው።

ይሄ የገባኝ ሀዋሳ ነው። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ደክሞኝ አንድ ፔንሲዮን ገባሁ፣ ልጁ መታወቂያዬን ተቀብሎ ከሌሎቹ ጋር በላስቲክ አሰረና መሳቢያ ውስጥ ወረወረው። "ጠዋት ቁልፉን ሲመልሱ ይወስዱታል" አለኝ። አውቶቡሴ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ይወጣል። አስር ተኩል ላይ ሻንጣዬን ጎትቼ ስወርድ ልጁ የለም፣ መሳቢያው ተቆልፏል። ዘበኛው ከስንት ማንኳኳት በኋላ ቁልፉን አምጥተው ከፈቱና እሽጉን እንዳለ ሰጡኝ። "ልጄ፣ ያንተን ፈልግ።" በስልኬ ባትሪ የማላውቀውን ሰው ሁሉ ፊትና አድራሻ እያገላበጥኩ የራሴን አወጣሁ። ከእኔ በፊት የወጣውስ የእኔን አላየም?

ከዚያ ወዲህ ባንኮኒው ጋ ቆሜ አስመዘግባለሁ። "መዝግቡና መልሱልኝ፣ ማታ ስወጣ ያስፈልገኛል" በሉ፤ ሲፈተሽ መታወቂያ ስለሚጠየቅ ምክንያቱም እውነት ነው። ለመያዣ ነው ካሏችሁ ሂሳቡን ቀድማችሁ ክፈሉና ደረሰኝ ያዙ። የተከፈለበት ክፍል ምን መያዣ ያስፈልገዋል? ከውጭ የመጣችሁ ደግሞ ፓስፖርታችሁን በጭራሽ እንዳትተዉ፣ የጠፋ ፓስፖርት ለማስተካከል ኤምባሲ መመላለሱን አስቡት።

አሁን አሁን የባሰው ፎቶው ነው። ልጁ የገዛ ስልኩን አውጥቶ መታወቂያችሁን ፊትና ጀርባ ቀጭ ቀጭ ያደርጋል። ነገ ሥራ ቢለቅ ፎቶው አብሮት ይሄዳል። መታወቂያ ላይ ደግሞ ስማችሁ ብቻ አይደለም ያለው፤ ብዙው የቀበሌ መታወቂያ ላይ የተጠሪ ስምና ስልክ አለ፣ የድሮው ላይማ ብሔር ሳይቀር ተጽፏል። ስለዚህ ተጠሪያችሁ እህታችሁ ከሆነች ሳታስፈቅዷት ስልኳን እየሰጣችሁ ነው ማለት ነው። እኔ ፎቶኮፒ ይዤ እዞራለሁ፣ በላዩ ላይ አግድም "ለአልጋ ምዝገባ ብቻ" ብዬ ቀኑን እጽፍበታለሁ። ፋይዳ (ዲጂታሉን ብሔራዊ መታወቂያ) የምትጠቀሙ 16 አሃዙን ተለዋጭ ቁጥር ስጡ፣ ቋሚውን 12 አሃዝ ለራሳችሁ ያዙ።

ልጁ ከገገመ ሳትቆጡ ኃላፊውን አስጠሩ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ለተባለው ዓላማ ከሚያስፈልገው በላይ መረጃ መሰብሰብን አይፈቅድም። አዋጁን መጥቀሱ ብዙ ጊዜ ልጁን ግራ ያጋባዋል እንጂ አያሳምነውም፣ ኃላፊው ጋ ግን ይሠራል።

መዝገቡንም እዩት። ገጹ ተገልጦ ባንኮኒ ላይ ተዘርግቶ ነው የሚውለው፣ ስም፣ ስልክ፣ የክፍል ቁጥር በአንድ መስመር። "በወረቀት ሸፈን አድርጊው እባክሽ" ማለት ነውር የለውም።

ብቻሽን የምታድሪ ከሆነ ይሄን በተለይ ልብ በይ፦ የክፍልሽን ቁጥር ሰው በተሰበሰበበት "ሁለት መቶ አራት!" ብለው ከጮሁ ክፍል ቀይሩልኝ በይ፣ አዲሱን ቁጥር በወረቀት ይጻፉልሽ። የሚፈልግሽ ሰው ከመጣ ደግሞ ወደ ላይ ከመላካቸው በፊት ለአንቺ እንዲደውሉ ማታውኑ ንገሪያቸው፣ ፈረቃ ስለሚቀያየር ለሚተካውም።

መታወቂያ መተው ግድ ከሆነባችሁ ደግሞ የማታው ልጅ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚወጣና የመሳቢያው ቁልፍ ማን ጋ እንደሚያድር ሳትጠይቁ ወደ ክፍላችሁ አትውጡ። ጠዋት ሲመልሱላችሁም ኪስ ከመክተታችሁ በፊት ፎቶውን እዩ።