ቀኑን የሚረሳው ዊንዶውስ 98

ደሴ ውስጥ የጽሕፈት አገልግሎት የሚሰጡት አጎቴ አሮጌውን የዊንዶውስ 98 ዴስክቶፕ አይጥሉትም። የድሮ ውሎቻቸው በቀድሞው ፓወር ግዕዝ፣ በአማርኛ መጻፊያው ፕሮግራም፣ የተጻፉ ናቸው። ፊደሉ ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ኮድ) ስላልሆነ አዲስ ማሽን ላይ ሲከፈት ዝብርቅርቁ ይወጣል።

ሰሞኑን ግን በተከፈተ ቁጥር ቀኑን እየረሳ፣ ሃርድ ዲስኩንም አላየሁም ይል ጀመር። “ቫይረስ ነው፣ ፎርማት ይደረግ” ያለም አልጠፋ። ወይ ፎርማት! አብሽሩ ጋሼ አልኳቸው።

ጥፋቱ የማዘርቦርዱ (የዋናው ሰሌዳ) ባትሪ ነው፤ ማሽኑ ሲጠፋ ቀኑንና የሃርድ ዲስኩን መረጃ የምታቆየው እሷ ናት። ሲአር 2032 ትባላለች። 3 ቮልት መስጠት ሲገባት በቴስተር ስለካት ከ2 በታች ሆነች። የመብራት ገመዱን ነቅዬ ባትሪዋን ቀየርኳት፤ የፕላስ ምልክቱ ወደ ላይ ነው። ማሽኑ ሲነሳ ዴሊት ተጭኜ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚመጣው የማሽኑ ማስተካከያ) ገባሁ። ቀኑን ሞላሁ፣ ሃርድ ዲስኩን ራሱ እንዲያገኘው አውቶ ላይ አድርጌ ሴቭ አልኩ። ተነሳ። ውሎቹን ወዲያው ሌላ ዲስክ ላይ ገለበጥኩ።