ኬብል ኢንተርኔትና የቤት ስልክ፦ የዕቃዎቹን ስም እንለይ

እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አዲስ ቤት የገባ ዘመድ ሁሉ ለኢንተርኔት የሚደውለው ለእኔ ነው። «ዋይፋዩ እምቢ አለ» ይሉኛል። «የቱ ሳጥን?» ስል መልስ የለም። የኢንተርኔት ኩባንያውም የሚጠይቃችሁ ይህንኑ ነው።

ከግድግዳው የሚወጣው ክብ ወፍራም ሽቦ ኮአክሲያል ይባላል። ጫፉ ላይ እንደ መርፌ የቀጠነ መዳብ አለ፤ እንዳይጣመም ቀጥ አድርጋችሁ አስገቡና ቀለበቱን በእጃችሁ አጥብቁት። መስመሩን ለሁለት የሚከፍለው ትንሽ ብረት ስፕሊተር ነው። በእያንዳንዱ መውጫ የሚያልፈው ሲግናል ከግማሽ በታች ስለሆነ፣ ኢንተርኔቱ ከተቆራረጠ እሱን ነቅላችሁ ሞደሙን ከግድግዳው ጋር በቀጥታ አገናኙት።

ሞደም በኮአክሲያሉ የመጣውን ሲግናል ይተረጉማል፤ ራውተር ደግሞ ለሞባይሉም ለቲቪውም በዋይፋይ ያከፋፍላል። ሁለቱ በአንድ ሳጥን ሲሆኑ ጌትዌይ ይባላሉ። የሞደሙ «ኦንላይን» መብራት ብልጭ ድርግም እያለ ከቆየ ችግሩ ከሞደሙ ወይም ከመስመሩ ነው። ጸንቶ በርቶ ዋይፋይ ከሌለ ግን ራውተሩን እዩ።

አደራ የምላችሁ የቤት ስልኩን ነው። እናቴ ለሞደም ኪራይ በየወሩ እንዳትከፍል ብዬ አዲስ ገዛሁላት። ኢንተርኔቱ ወዲያው ሠራ። በሦስተኛው ቀን ስሄድ «ልጄ፣ ምነው ሰው ሁሉ ረሳኝ?» አለችኝ። መነጋገሪያውን አንስቼ ጆሮዬ ላይ ሳደርገው ጭጭ ብሏል። የገዛሁት ሞደም የስልክ መሰኪያ የለውም ነበር! ለካ የቤት ስልክ ላለው ሰው «ቮይስ» ያለው ሞደም ነው የሚገዛው፤ እሱንም ኩባንያው እንደሚቀበለው አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከጀርባው ሁለት ዓይነት ቀዳዳ ታያላችሁ፤ ሰፊው የኢንተርኔት ሽቦ የሚገባበት ኤተርኔት ነው፣ ጠበብ ያለው የስልክ።

ይህ ስልክ በሞደሙ በኩል ስለሚሠራ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ ለድንገተኛ አደጋ 911 መደወልም አይቻልም። አረጋውያን ወላጆች ካሏችሁ ለሞደሙ የሚሆን መጠባበቂያ ባትሪ ኩባንያውን ጠይቁ፤ ሞባይላቸውም ቻርጅ ተደርጎ አጠገባቸው ይደር።

አዲስ ሞደም ስታስመዘግቡ «ማክ አድራሻ» ይሏችኋል። ከሥሩ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ያለው 12 ፊደልና ቁጥር ነው፤ ቦታው ሳታስቀምጡት በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ፊደሎቹ ከኤ እስከ ኤፍ ብቻ ስለሆኑ «ኦ» የመሰላችሁ ሁሉ ዜሮ ነው።