የምዕራቡን መስኮት ከውጭ ጋርዱ
ድሬዳዋ ውስጥ ከሰዓት በኋላ ቤትን ከሚያግሉትና ቬንትሌተርን ያለ ዕረፍት ከሚያሠሩት ነገሮች አንዱ ወደ ምዕራብ የዞረ መስኮት ነው። ከውስጥ የሚሰቀል መጋረጃ የቱንም ያህል ቢወፍር ብዙ አያግዝም፤ የፀሐይ ብርሃን መስታወቱን አልፎ ጨርቁ ላይ ሲያርፍ ወደ ሙቀት ይለወጣል፣ አብዛኛው ሙቀትም እዚያው ክፍሉ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ሰሌን ወይም ነጣ ያለ ሸራ ከመስኮቱ ውጭ፣ ከመስታወቱ አንድ ስንዝር ያህል አርቃችሁ ስቀሉ። ክፍተቱን አደራ አትዝለሉት፤ የጋለው አየር ሽቅብ የሚወጣው በእሱ በኩል ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ የምሽቱ ነፋስ እንዲገባ ጠቅልላችሁ እሰሩት። ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ እዚያ የምትኖሩ ሌሊቱ በሚቀዘቅዝባቸው በኅዳርና በታኅሣሥ ባትሰቅሉት ይሻላል።