ለሥራ ወደ ጀርመን ሲሄዱ፦ ከሻንጣው በፊት ወረቀቱ

ከጀርመን አሠሪ የቅጥር ውል የደረሰው ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ለወዳጅ ዘመዱ ያበስራል፤ ቀጥሎም ለመሥሪያ ቤቱ የመልቀቂያ ደብዳቤ ይጽፋል። ማብሰሩ ይሁን፤ መልቀቂያው ግን ቪዛው እጅዎ እስኪገባ ቢቆይ ይሻላል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሥራ የሚለቅ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ስለሚሰጥ፣ ከአዲሱ አሠሪ ጋር የሥራ መጀመሪያውን ቀን ሲነጋገሩ ይህን አንድ ወር አስቀድመው ያስቡበት። የሥራ ልምድ ደብዳቤዎንና ክሊራንስዎንም በዚያው ወር ውስጥ ይጨርሱ፤ ከሄዱ በኋላ እነዚህን በሰው ማስጨረስ አድካሚ ነው።

የዝግጅቱ ዋና ሥራ ወረቀቶቹ እርስ በርሳቸው እንዲስማሙ ማድረግ ነው። ፓስፖርት፣ የልደት የምስክር ወረቀት፣ ዲግሪ፣ ትራንስክሪፕት፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤና የጋብቻ የምስክር ወረቀት አንድ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ስምዎን ፊደል በፊደል ያመሳክሩ። ዮሐንስ በአማርኛ አንድ ነው፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ግን አንዱ ወረቀት ላይ አንድ «ኤን»፣ ሌላው ላይ ሁለት «ኤን» ሊኖረው ይችላል፤ ፋይሉን ለሚመረምረው ሠራተኛ እነዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው። አባት፣ እናትና ልጅ የየራሳቸውን የአባትና የአያት ስም የሚይዙበት ልማዳችንም እዚያ ማብራሪያ ስለሚጠየቅበት፣ ቤተሰብ የሚያስከትል ሰው የጋብቻውንና የልጆቹን የልደት ወረቀት ቀድሞ ያዘጋጅ። በየትኛውም ቅጽ ላይ የቤተሰብ ስም ሲጠየቁ ፓስፖርትዎ በዚያ ቦታ ያስቀመጠውን ስም ብቻ ይጻፉ።

ከስም ቀጥሎ የሚያጋጨው የትውልድ ቀን ነው። ታኅሣሥ 28 ቀን 1985 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ልደቱ ጃንዋሪ 6 ቀን 1993 ነው፤ ቀኑን ሳይነካ ዓመቱ ላይ 7 ደምሮ «ዲሴምበር 28 ቀን 1992» ያለ ተርጓሚ ግን ሰውየውን ዘጠኝ ቀን አስቀድሞ ወልዶታል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ስሕተት የሚያርመው ሰነዱን የሰጠው ወይም የተረጎመው አካል በመሆኑ፣ የኤምባሲ ቀጠሮ ከመያዝዎ በፊት ይጨርሱት።

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማሩ ከሆነ ዋናውን ዲግሪ ለማውጣት የወጪ መጋራት ዕዳዎን መክፈል አለብዎት። ዩኒቨርሲቲዎና የትምህርት ዘርፍዎ በጀርመን ምን ደረጃ እንደተሰጣቸው «አናቢን» በተባለው የመረጃ ቋት ላይ በነጻ ይታያል። ነርሶችና ሐኪሞች ግን ይህ ብቻ አይበቃቸውም፤ ሙያቸው በሚሠሩበት ክፍለ ግዛት ዕውቅና ማግኘት ስላለበት ከቋንቋው ጋር ረዥም ጊዜ ይወስድባቸዋል።

ከመሄድዎ በፊት ውልና ማስረጃ ቀርበው ለሚያምኑት ሰው ውክልና ይስጡ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ጠቅላላ ውክልና የሚያገለግለው ለአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው፤ ቤት ወይም ቦታ ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ስለዚህ ወኪልዎ ምን ምን ማድረግ እንደሚችል በስም ያስጽፉ፤ የተረሳውን ከጀርመን ሆኖ በኤምባሲ በኩል ማስተካከል ጊዜ ይበላል።

ስለ ሻንጣ ብዙ የምለው የለኝም። የኤሌክትሪክ ሶኬቱ ከእኛው ጋር ስለሚገጥም አስማሚ አይግዙ። በርበሬና ሽሮ ያልፋሉ። ሥጋና የወተት ውጤት ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ካለ አገር በግል ሻንጣ ማስገባት የተከለከለ ስለሆነ ግን ቋንጣ፣ ዓይብና ንጥር ቅቤ እቤት ይቅሩ። እናቴ በሦስት ፌስታል ጠቅልላ የሰጠችኝ ቅቤ ከጉምሩክ ጠረጴዛው አላለፈም፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ሳልጠይቅ ነው የያዝኩት።

ቤት ከገቡ በሁለት ሳምንት ውስጥ በከተማው ጽሕፈት ቤት አድራሻዎን ማስመዝገብ ግዴታ ነው፤ ይህም «አንሜልዱንግ» ይባላል። ምዝገባው አከራዩ የፈረመበት ማረጋገጫ ይጠይቃል። በመሆኑም ለመጀመሪያው ወር ማረፊያ ሲፈልጉ ከዋጋው በፊት «በዚህ አድራሻ መመዝገብ እችላለሁ?» ብለው ይጠይቁ፤ አንዳንድ የአጭር ጊዜ ማረፊያዎች ይህን አይፈቅዱም። ለቋሚ ቤት አከራይ እስከ ሦስት ወር ኪራይ የሚደርስ መያዣ ሊጠይቅ ስለሚችል፣ የመጀመሪያው ደመወዝ እስኪገባ የሚያቆይ ገንዘብ ይያዙ።

ከምዝገባው በኋላ የግብር መለያ ቁጥርዎ በፖስታ ይመጣል፤ የባንክ ካርድና የምስጢር ቁጥርም ብዙ ጊዜ እንዲሁ። ፖስተኛው ደብዳቤ የሚያስገባው በቤት ቁጥር ሳይሆን በሣጥኑ ላይ ባለው ስም ነው፤ የአንድ ሕንፃ ነዋሪዎች ሁሉ አድራሻቸው አንድ ነው። ስለዚህ ቁልፍ በተረከቡበት ዕለት በፖስታ ሣጥኑና በደወሉ ላይ ስምዎን ይለጥፉ፤ ሁለት «ኤን» ከሆነም በፓስፖርቱ ላይ እንዳለው በሁለት «ኤን»።